ቀይ ብር ከኦምዱርማን

ኤፕሪል 25 ቀን 1884። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ካርቱም ከተከበበች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ወደ ካይሮ የሚሄደው የቴሌግራፍ ሽቦ ተቆርጧል። በሰሜን ጥቁር አባይ፣ በምዕራብ ነጭ አባይ፣ በደቡብ ደግሞ ከአንዱ ወንዝ እስከ ሌላው የተቆፈረ ምሽግ ከተማዋን ያጥራታል። ከዚያ ባሻገር ያለው የመሐዲ ጦር ነው፤ የእኛ አያቶች ድርቡሽ ይሉት የነበረው። በጥቁር አባይ ዳር ባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ እንግሊዛዊው የሱዳን ገዢ ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን የወረቀት ክምር ፊቱ አስቀምጦ አንድ በአንድ ይፈርማል።

ደብዳቤ አይደሉም፤ ገንዘብ ናቸው። ለወታደሩ፣ ለሠራተኛውና ለእህል ነጋዴው የሚከፈል ጥሬ ብር በግምጃ ቤቱ እየተሟጠጠ ስለነበር ጎርደን ከ1 ግርሽ እስከ 5000 ግርሽ፣ እንዲሁም ባለ 50 የግብፅ ፓውንድ ወረቀቶች አሳተመ። ወረቀቱን የያዘ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ከካርቱም ወይም ከካይሮ ግምጃ ቤት በእውነተኛ ገንዘብ እንደሚለውጠው ተጽፎበታል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በእጁ ፈረመ። ኋላ ግን እጁ አልቻለም፤ ፊርማው በሄክቶግራፍ፣ ማለትም በጄላቲን ላይ ቀለም እያሳረፉ በሚያባዙበት ዘዴ፣ እየተገለበጠ ይወጣ ጀመር። ዛሬ የጥንት ገንዘብ ሰብሳቢዎች በማጉያ መነጽር የሚከራከሩት በዚህች ልዩነት ላይ ነው። በብዕር የተፈረመው ከተባዛው ይበልጥ ይፈለጋል። ጎርደን በከበባው ጊዜ በጻፈው የዕለት ማስታወሻ ላይ ለዚህ ዕዳ በግሉ ተጠያቂ እንደሆነና ማንም ሰው በፍርድ ቤት ሊከሰው እንደሚችል አስፍሯል። የመንግሥቱን ዋስትና ራሱም እምብዛም አልተማመነበትም ማለት ነው።

ለሞራልም ቢሆን አንድ ነገር አስቦ ነበር። መካከሉ ላይ የእጅ ቦምብ ምስል ያለበት የኮከብ ኒሻን በከተማው አንጥረኞች አስሠራ፤ በሦስት ደረጃ፤ በወርቅ የተለበጠ ብር፣ ብር፣ እና ቆርቆሮ መሰል ርካሽ ብረት። ለሴቶችና ለተማሪ ልጆች ሳይቀር ተሰጥቷል። ለደመወዝ ብር የጠፋባት ከተማ ለኒሻን የሚሆን አላጣችም።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ከመንጋቱ በፊት የመሐዲ ጦር በነጭ አባይ በኩል፣ ውሃው ሲጎድል በተጋለጠው ጭቃ ላይ አልፎ ገባ። ጎርደን ተገደለ። እሱን ለማዳን የተላኩት የእንግሊዝ መርከቦች በሁለት ቀን ዘግይተው ደረሱ፤ የቤተ መንግሥቱ ሰንደቅ አለመኖሩን አይተው ወደ ኋላ ተመለሱ። ስድስት ወሩ ካለፈ ሦስት ወር የሆነው የጎርደን ወረቀት በዚያች ጠዋት ከነዋስትናው ባዶ ሆነ።

ድል ያደረገው ሙሐመድ አሕመድ፣ በ1881 በአባ ደሴት ራሱን መሐዲ ብሎ ያወጀው ሰው፣ ወረቀት አልፈለገም። በእስልምናው ዓለም የቆየ ልማድ አንድ ገዢ ገዢነቱ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በጁምዓ ስግደት ስሙ ሲጠራና ገንዘብ በስሙ ሲመታ። ስለዚህ ካርቱም በወደቀች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከከተማዋ የተወሰደው ምርኮ ወደ ቤተል ማል፣ ወደ እምነቱ ግምጃ ቤት፣ ገባ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አሕመድ ሱለይማንም የወርቅ ፓውንድና ባለ 20 ግርሽ የብር ገንዘብ ማስመታት ጀመረ።

ባለ 20 ግርሹ መልኩ አዲስ አልነበረም። ገበያው የለመደውን የኦቶማኖች መጂዲያ፣ ሃያ አራት ግራም ገደማ የሚመዝነውን፣ ከመቶው ሰማንያ ሦስቱ ንጹሕ ብር የሆነውን፣ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። ሱልጣኑን ለማባረር የተነሣ እንቅስቃሴ የሱልጣኑን ገንዘብ መልክ መቅዳቱ ይገርም ይሆናል፤ ነጋዴው ግን የሚያምነው ያየውን ነው። የተለወጠው ዋናው ነገር ቱግራው ነበር፤ ያ የሱልጣን ስም የሚጠላለፍበት ውብ ፊርማ። በእሱ ቦታ «በመሐዲ ትእዛዝ» የሚል ተጻፈ። ዘመኑ 1302 ሂጅራ፣ ከዚያም 5 ቁጥር፤ መሐዲው ከተነሣ አምስተኛ ዓመት ለማለት።

ጁን 22 ቀን 1885 መሐዲው በኦምዱርማን ታሞ ሞተ። ካርቱምን ከያዘ አምስት ወር አልሞላውም። ስለዚህ በእሱ ትእዛዝ የተመታው ብር የጥቂት ወራት ሥራ ነው። የሚበዛው በተከታዩ በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን የተመታው ሲሆን፣ የሁለቱን ገንዘቦች ልዩነት ያየ ሰው የአሥራ ሦስቱን ዓመት ታሪክ በእጁ መዳፍ ላይ ሊያነበው ይችላል።

ኸሊፋው ካርቱምን አስለቅቆ ሕዝቡን ወደ ኦምዱርማን አዛወረ። የዋና ከተማው ቤተል ማል በአባይ ዳር ተሠራ፤ ሰፈሩ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። እህሉ፣ ዝሆን ጥርሱ፣ ሙጫው፣ ባሪያው፣ የምርኮ ድርሻው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ የገንዘብ መምቻውም በዚያ ነበር። ችግሩ አገሪቱ በሁሉም አቅጣጫ ጦርነት ላይ መሆኗ ነው፤ በሰሜን ከግብፅ፣ በምሥራቅ ከኢትዮጵያ፣ በምዕራብ ከዳርፉር አማፂዎች፣ በገዛ ዋና ከተማዋ ውስጥ ደግሞ በ1891 በትጥቅ ከተነሡት ከመሐዲው ዘመዶች ጋር። ንግዱ ተዳክሟል። አዲስ ብር የሚገባበት በር ጠቧል። ወታደሩ ግን ይከፈለኝ ይላል።

መፍትሔው ሮማውያንም፣ ከእነሱ በፊትና በኋላ የነገሡትም የሚያውቁት ነው፤ ወተቱ ላይ ውሃ መጨመር። ብሩ እየቀነሰ መዳቡ እየበዛ ሄደ። በመጀመሪያ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ኋላ ግን ከ1890ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተመቱት ባለ 20 ግርሾች ስስ የብር ሽፋን የለበሰ መዳብ ሆኑ። አዲስ ሲሆኑ ያብረቀርቃሉ። ጥቂት እጅ ከዞሩ በኋላ ከፍ ከፍ ያለው የፊደሉ ጫፍ ይላጭና መዳቡ ይወጣል። እነዚህን ሳንቲሞች በሙዚየም መስታወት ውስጥም ሆነ በጥንት ዕቃ ነጋዴ መዳፍ ላይ ያየ ሰው የሚያስታውሰው ያን ቀይ ቀለም ነው።

መልካቸው ግን እያማረ ሄደ ማለት ይቻላል። በቅጠል ጉንጉን መካከል ሰንደቅ፣ ከሥሩ የተጠላለፉ ጦሮች፣ ከዚያ «በኦምዱርማን ተመታ» የሚል ጽሑፍ። በቱግራው ቦታ አንዳንዱ ላይ «ተቀባይነት ያለው»፣ ኋላ በወጣው ላይ «አዲስ ገንዘብ» ተብሎ ተቀርጿል። ጥሩ ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

ገበያው አልተታለለም። በኦምዱርማን እስረኛ ሆነው ከቆዩት አውሮፓውያን መካከል በ1891 ያመለጠው ኦስትሪያዊው ቄስ ዮሴፍ ኦርዋልደርና በ1895 ያመለጠው የቀድሞው የዳርፉር ገዢ ሩዶልፍ ስላቲን ያዩትን ጽፈዋል። ነጋዴዎች አዲሱን ገንዘብ አንቀበልም ሲሉ ዕቃቸው እንደተወረሰ፣ ከዚያም ተገደው ሲቀበሉ ዋጋውን እንደሰቀሉት የሚተርከው ስላቲን ነው። እርግጥ ሁለቱም መጽሐፎች የወጡት እንግሊዝ በሱዳን ላይ ጦር ለማዝመት በምታስብበት ጊዜ በግብፅ ጦር የስለላ ሹም በእንግሊዛዊው ሬጂናልድ ዊንጌት እጅ አልፈው ነውና፣ በኸሊፋው ጭካኔ ላይ የሚሉትን ሁሉ እንዳለ መዋጥ አይገባም። ስለ ገንዘቡ የሚሉትን ግን ሳንቲሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

የግምጃ ቤቱ ወንበርም ቀላል ወንበር አልነበረም። አሕመድ ሱለይማን ተሻረ። የተካው ኢብራሂም አድላን፣ ሒሳብ አዋቂና በነጋዴው ዘንድ የተከበረ ሰው፣ በ1890 በኸሊፋው ትእዛዝ ተሰቀለ። በዚያ ወቅት ሱዳን «ሰነት ሲታ»፣ የስድስተኛው ዓመት (1306 ሂጅራ) ረሃብ ብላ በምታስታውሰው መከራ ውስጥ ነበረች። ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ሕዝብ ያንኑ ዘመን ክፉ ቀን ይለዋል።

ድንበሩን ተሻግሮ የሆነውን ሳያነሡ የኦምዱርማንን ግምጃ ቤት ታሪክ መጨረስ አይቻልም። በጃንዋሪ 1888 የኸሊፋው ጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ምርኮኛና ዘረፋ ይዞ ተመለሰ። በማርች 1889 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሲያርፉ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ከጎንደር የተነዱት ምርኮኞች ኦምዱርማን ሲደርሱ በገበያው የሚዞረው ገንዘብ የኸሊፋው ብቻ አልነበረም። በአገራቸው የሚያውቁት ማርትሬዛ፣ ጠገራ ብር፣ እዚያም ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 ሞታ መልኳ እስከ ዛሬ የሚመታበት ይህ ብር ሃያ ስምንት ግራም ይመዝናል፤ ከመቶው ሰማንያ ሦስት እጁ ንጹሕ ነው፤ ከቀይ ባሕር እስከ ዳርፉር ምስሉ ሳይቀየር ይሄድ ነበር። ሱዳኖች በንግሥቲቱ ደረት ላይ ያሉትን የጌጥ ነጠብጣቦች እየቆጠሩ ትክክለኛነቱን ይመረምሩ ነበር፤ የእኛም ነጋዴ እንዲሁ።

ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብር ከኸሊፋው በተቃራኒ ጥራቱ የተጠበቀ ነበር። ክብደቱም ከማርትሬዛ እኩል ነው። ሆኖም የገጠሩ ሰው አንበሳውን ትቶ ንግሥቲቱን መምረጡን ለረጅም ጊዜ አልተወም። ስለዚህ የኸሊፋው ችግር የመዳቡ ብቻ ነው ማለት አይበቃም፤ ገንዘብ ከጥራቱ ሌላ ዕድሜ ይፈልጋል፤ ኸሊፋው ግን ሁለቱም አልነበሩትም።

ለሮም ታሪክ ቅርብ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ማርክ አንቶኒን ማስታወሱ አይቀርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31 ዓመት፣ ከኦክታቪያን ጋር ለሚያደርገው የመጨረሻ ጦርነት ሲዘጋጅ፣ አንቶኒ ለወታደሮቹ የሚከፍለው ዴናሪየስ በብዛት አስመታ። በአንዱ ፊት የጦር መርከብ፣ በሌላው በሁለት ዓርማዎች መካከል ንስር፣ ከሥሩ የክፍለ ጦሩ ቁጥር። ብሩ ከተለመደው የሮም ገንዘብ ያነሰ ነበር። አንቶኒ በአክቲየም ተሸነፈ፤ ገንዘቡ ግን አልሞተም። ሰዎች የተሻለ ብር ያለውን እየመረጡ በማሰሮ ሲቀብሩና ሲያቀልጡ የአንቶኒን እያወጡ ከፈሉበት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በተቀበሩ የገንዘብ ማሰሮዎች ውስጥ እንኳ ምስሉ ጠፍቶ፣ መርከቡ ጥላ ብቻ ሆኖ ይገኛል። የባሰው ገንዘብ ረጅሙን ዕድሜ ኖረ።

   

ያው ሕግ በአባይ ዳርም ሠርቷል። የመሐዲው ባለ 20 ግርሽ ጥሩ ብር ስለነበረው ቀልጦ አምባር ሆነ፤ ወደ ኸሊፋው ግምጃ ቤት ተመልሶ ከመዳብ ጋር ተቀላቀለ፤ ተቀበረ። የኸሊፋው ቀይ ብር ለማቅለጥም ለመቅበርም የሚያጓጓ ነገር የለውምና በየቤቱ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ብርቅ የሆነው የመሐዲው ነው። ይህን ገንዘብ በዓይነቱና በዘመኑ ለይቶ ያጠናው ኤች. ኤስ. ጆብ ጽሑፉን በካርቱሙ ጥናታዊ መጽሔት «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬከርድስ» ላይ ያወጣው በ1920 ነው። ኸሊፋው ከተሸነፈ ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆነውም ገንዘቡ ገና ከአሁኑ የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል።

ሽንፈቱ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ከኦምዱርማን በስተሰሜን ከረሪ ላይ ነበር። ከንጋት እስከ ቀትር አሥር ሺህ ያህል የኸሊፋው ወታደር በመትረየስና በመድፍ አለቀ። የድል አድራጊው የእንግሊዝ ጄኔራል የኪችነር ወታደሮች ቀዩን ብር ለመታሰቢያ ኪሳቸው ከተው ሄዱ፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ጨረታዎች ላይ ብቅ የሚለው አብዛኛው በዚህ መንገድ የወጣ ነው። ሱዳን የግብፅን ገንዘብ እንድትጠቀም ተደረገች። የራሷን ፓውንድ እስክታገኝ ነፃነቷን መጠበቅ ነበረባት።

የሁለቱን ጠላቶች ገንዘብ፣ የጎርደንን ወረቀትና የድርቡሽን ሳንቲም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠው ኦምዱርማን የሚገኘው የኸሊፋው ቤት ሙዚየም ነው። በ1887 የተሠራው የጭቃና የጡብ ቤት በ1928 ሙዚየም ሆነ። ለብዙ ዘመን የኦምዱርማን ተማሪ ሁሉ በመምህሩ እየተመራ ያየው ቤት ይኸው ነበር።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በካርቱም መሐል ተኩስ ከፈቱ። ጎርደን ወረቀቱን በፈረመበት ስፍራ ላይ የቆመው ቤተ መንግሥት በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገብቶ እስከ ማርች 21 ቀን 2025 ቆየ። በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከአስዋን ግድብ ውሃ የዳኑት የኑቢያ ቤተ መቅደሶች በግቢው የቆሙበት፣ በጁን 2023 በዚያው ኃይል ተያዘ። ጦሩ መሐል ከተማውን ሲያስመልስ የወርቅ ዕቃዎቹ ክፍል ተሰብሮ ባዶውን ተገኘ። ዩኔስኮ በሴፕቴምበር 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከብሔራዊው ሙዚየም ጋር የኸሊፋውን ቤትና በዳርፉር የኒያላን ሙዚየም ከተዘረፉትና ከተጎዱት መካከል ጠቅሶ፣ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች የሱዳን ቅርስ ከመግዛት እንዲታቀቡ አሳስቧል።

ትልልቅ ሐውልቶችን በዓለም ገበያ መሸጥ ከባድ ነው፤ ፎቶግራፋቸው አለ፣ የሚያውቃቸው ምሁር አለ። ሳንቲም ግን በኪስ ይገባል። ቁጥር ካልተሰጠውና ከሁለት ወገን ፎቶ ካልተነሣ ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ወታደር ኪስ ከወጣው ወንድሙ ለይቶ ይህ ከኦምዱርማን መስታወት የተሰረቀ ነው ማለት አይቻልም። ለሻጭ የሚመች፣ ለመርማሪ የሚያስቸግር ዕቃ ነው።

በዚያው ጦርነት የገንዘብ መምቻው ጉዳይ እንደገና ተነሣ። የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትና የገንዘብ ማተሚያው ድርጅት ያሉት ካርቱም ውስጥ፣ ፈጥኖ ደራሹ በያዘው አካባቢ ነበር። በኖቬምበር 2024 ባንኩ፣ ሁለቱም መዘረፋቸውንና ምንጩ ያልታወቀ የባለ 500 እና የባለ 1000 ፓውንድ ኖት መብዛቱን ጠቅሶ፣ አዲስ ባለ 1000 ፓውንድ ማውጣቱን አስታወቀ። ቅያሪው የተካሄደው ጦሩ በሚቆጣጠራቸው ግዛቶች በዲሴምበር ነው። አሮጌውን የያዘ ሰው በባንክ ሒሳብ ካላስገባ ገንዘቡ ወረቀት ሊሆንበት ነበር። ፈጥኖ ደራሹ በበኩሉ አዲሱን ኖት በያዛቸው አካባቢዎች ከለከለ። በአንድ አገር ሁለት የገንዘብ ክልል ተፈጠረ።

በካርቱም ደይምና ጀሪፍ ሰፈሮች ይኖሩ ለነበሩት ኢትዮጵያውያን፣ ቡና አፍልተው ለሚያድሩት ሴቶችና ለቀን ሠራተኞቹ፣ ችግሩ ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር የጀመረው። ጦርነቱ በፈነዳ ሰሞን ባንኮች ተዘጉ፤ በገላባት አድርገው ወደ መተማ የተሻገሩት በእጃቸው የነበረውን የሱዳን ፓውንድ በድንበሩ ላይ በተገኘው ዋጋ ወደ ብር ቀየሩ። በከተማው የቀረው ሰው በካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ፣ በ«በንከክ»፣ ላይ ተንጠለጠለ። መረብ ሲኖር ዳቦውም መድኃኒቱም በእሱ ይከፈላል። ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው በመተግበሪያው ይልክና ከነጋዴው ኖት ይቀበላል፤ ነጋዴውም ከሚሰጠው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል። ድርሻው እንደ ሰፈሩ፣ እንደ ቀኑና ኖቱ እንደ መጥፋቱ ይለያያል። በዳርፉር ገበያዎች አዲሱ ባለ 1000 አይወሰድም፤ አሮጌው እያረጀና እያነሰ ቢሄድም የሚሸመተው በእሱ ነው።